የቆዳ ክሬሞች የላብራቶሪ ምርመራ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊዋ፦
ሰላም አባላት። እንደተባባልነው የመጀመሪያውን ረቂቅ አምጥቻለሁ። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው።

«ማኅበሩ ገበያ ላይ ያሉ የቆዳ ክሬሞችን፣ ሎሽኖችንና ሴረሞችን አስመርምሮ ውጤቱን ለሸማቹ ያሳውቃል። ለዚህም በእጅ የሚያዝ የኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ ከባድ ብረት የሚለይ) መመርመሪያ መሣሪያ ይገዛል። እያንዳንዱ ምርት ለሜርኩሪ፣ ለእርሳስ፣ ለባክቴሪያ፣ ለሻጋታና ለፒኤች (ለአሲድነት መጠን) ይመረመራል። ምርመራውን ያለፈ ምርት የማኅበሩን ምልክት ይለጥፋል።»

ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁናል። ምን ልታደርጉ ነው? ውጤታችሁንስ ማን ያምነዋል? ለሁለቱም መልስ የሚሆን ሐሳብ ነው የምፈልገው። «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» የሚል መልስ ግን አይጠቅመኝም።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያው፦
ጸሐፊያችን፣ እናመሰግናለን። ከ«እያንዳንዱ ምርት» ልጀምር። ይህ ነገር ገንዘባችንን ይጨርሰዋል። ዘይትና ሰም ብቻ የሆነ፣ ውሃ የሌለበት ቅባት ለባክቴሪያ አይመችም። አይኤስኦ 29621 የሚባለው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መመሪያም የውሃ አክቲቪቲው (ለጀርም የሚተርፈው ውሃ) በጣም ዝቅ ያለ ምርት ዝቅተኛ ስጋት ያለበት ተደርጎ እንዲታይ ይፈቅዳል። ስለዚህ የማይክሮብ ምርመራውን ውሃ ላለባቸው እናድርገው። ሎሽን፣ ክሬም፣ ቶነር፣ ጄል። «ማቆያ ኬሚካል (ክሬሙን ከጀርም የሚጠብቅ) የለውም» ብሎ የሚኩራራ ውሃማ ክሬም ካለ ደግሞ እሱ ከፊት ይሰለፍ።

ወሰኑን በተመለከተ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም። በአይኤስኦ 17516 መሠረት ለአብዛኛው ምርት የባክቴሪያ፣ የእርሾና የሻጋታ ጠቅላላ ቁጥር በአንድ ግራም ከ1000 ኮሎኒ መብለጥ የለበትም። ለዓይን አካባቢና ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ከሆነ ወደ 100 ይወርዳል። አራት ተዋሲያን ደግሞ በ1 ግራም ውስጥ ጭራሽ መገኘት የለባቸውም፦ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ፣ ኢ ኮላይና ካንዲዳ አልቢካንስ። ሱዶሞናስን በደንብ ያዙልኝ። ውሃ ይወዳል፣ ጥቂት ምግብ ይበቃዋል፣ ለብዙ ማቆያዎችም ግድ የለውም። የተጫረ ቆዳ ወይም ዓይን ካገኘ ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ክሬሙ ውስጥ ያለው ማቆያ ናሙናው ላብራቶሪ ከገባ በኋላም ሥራውን አያቆምም። ባክቴሪያው በሚበቅልበት ሳህን ላይም ይዞት ይቆያል። መጀመሪያ ኒውትራላይዝ ካልተደረገ፣ ማለትም ኃይሉ ካልከሸፈ፣ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ «የለም» ይላል። ላብራቶሪ ስንመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ማቆያውን እንዴት ነው የምታከሽፉት? መክሸፉንስ በምን አረጋገጣችሁ?» ይሁን። መልስ የሚያጥረው ላብራቶሪ ካለ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

አነስተኛ አምራቿ፦
ከይቅርታ ጋር፣ እኔን የሚያሳስበኝ ምልክቱ ነው። እኔ ክሬም የማመርተው ትንሽ በትንሽ ነው። ዛሬ አንድ ባች (በአንድ ጊዜ የተመረተ ክሬም) አስመርምሬ ምልክት ብለጥፍ፣ የሚቀጥለው ባች ላይስ ምን ልል ነው? ውሃው ሊለያይ ይችላል። የአቅራቢው ዘይት ሊለያይ ይችላል። ምልክቱ ግን ያው ነው። ሸማቹ ምልክቱን እንጂ የባች ቁጥሩን አያነብም። ሁሉንም ባች በሁሉም ነገር አስመርምሩ ካላችሁኝ ደግሞ ሱቄን ዝጊ ማለታችሁ ነው።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያው፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን ሁሉም ምርመራ በየባቹ አይደረግም። የጀርም ቆጠራው በየባቹ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ከባዱ ቻሌንጅ ቴስት የሚባለው ነው። እሱ ግን ለቀመሩ አንድ ጊዜ ነው።

ለማያውቁት ላስረዳ። በአይኤስኦ 11930 መሠረት ክሬሙ ውስጥ ሆን ተብሎ ባክቴሪያ፣ እርሾና ሻጋታ ይጨመራል። ከዚያ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ምን ያህሉ እንደቀረ ይቆጠራል። ጥብቁ መስፈርት የባክቴሪያው ቁጥር በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 1000 ጊዜ እጥፍ እንዲቀንስ፣ እስከ 28ኛው ቀንም እንዳያንሰራራ ይጠይቃል። ይህ ምርመራ የሚነግረን ክሬሙ ዛሬ ንጹሕ መሆኑን ሳይሆን ሰው በየጠዋቱ ጣቱን ሲከትበት ራሱን መከላከል መቻሉን ነው። ሸማቹን የሚጠቅመውም ይህ ነው። ቀመሩ ከተለወጠ ግን እንደገና ይሠራል። ከሰፊ አፍ ዕቃ ወደ ፓምፕ ከተዛወረም ነገሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ፕላስቲኩ ራሱ ማቆያውን ሊመጥጠው ስለሚችል።

የቆዳ ሐኪሟ፦
ስለ ጀርም የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ልከራከር። ክሊኒክ ውስጥ ከባድ ጉዳት ይዘው የሚመጡት አብዛኞቹ ቆዳ እናቀላለን በሚሉ ክሬሞች የተጎዱ ናቸው። እዚያ ውስጥ የምንፈራው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ሜርኩሪ ነው። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፣ ስለዚህ መልኩ እውነትም ይቀላል። ነገር ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። የነርቭና የስሜት መታወክም ያመጣል። ጉዳቱ ደግሞ የተቀባው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። ፎጣውና አንሶላው ይነካል፤ ሕፃን የሚያቅፍ ሰው ከሆነ ሕፃኑም ይነካል።

ሁለተኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶል መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በውበት ክሬም ውስጥ ቦታ የለውም። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ጥሩ መስሎ መታየቱ ነው። ብጉሩ ይጠፋል፣ ፊቱ ይለሰልሳል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት እንደ እሳት ይቀላል። ሰውየው «ክሬሙን ስተው ነው የታመምኩት» ብሎ ይመለስበታል።

ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም ክትትል ለአጭር ጊዜ እናዘዋለን። ለረጅም ጊዜ በዘፈቀደ ሲቀቡት ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያመጣል። ሊያጠፉት የፈለጉት ጥቁረት ይብሳል ማለት ነው፤ ለማከምም እጅግ ያስቸግራል። የአውሮፓ ሕብረት ለቆዳ በሚቀቡ መዋቢያዎች ውስጥ ከልክሎታል።

ረቂቁ ውስጥ ግን ከሦስቱ ያለው ሜርኩሪ ብቻ ነው። ይህ እንዴት ሆነ?

ጸሐፊዋ፦
ዶክተር፣ የሆነበት ምክንያት መሣሪያው ነው። መሣሪያው የሚያየውን ነው የጻፍኩት።

ኬሚስቱ፦
እንግዲያው ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ከመሣሪያ ተነስተን ጥያቄ እየፈለግን ነው። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው።

ኤክስአርኤፍ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አልንቀውም። ክሬሙ ላይ ኤክስሬይ ይለቅበትና ከባድ ብረት ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ይናገራል። ሜርኩሪ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸው ክሬሞች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት በሺዎች ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ነው፤ እነሱን ለመያዝ ይበቃል። ጥቂት ፒፒኤም ላይ ስንደርስ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ላይ ናሙናውን በአሲድ አፍርሶ አይሲፒ ኤምኤስ በሚባለው ጥቂት ብረትንም በሚለካ የላብራቶሪ መሣሪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለስቴሮይድና ለሃይድሮኪኖን ደግሞ ኤክስአርኤፍ ዕውር ነው። እነሱ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ኤችፒኤልሲ በሚባለው የተደባለቁ ኬሚካሎችን ነጣጥሎ በሚለካ መሣሪያ ነው የሚለዩት።

አሁን አስቡት። ክሎቤታሶል የሞላበት ክሬም በኤክስአርኤፍ እናየዋለን። ሜርኩሪ የለውም። ያልፋል። የእኛን ምልክት ይለጥፋል። ሸማቹ በእኛ ስም ተማምኖ ይቀባዋል! እኔ በግሌ ይህ ምልክት የሚባል ነገር ከሐሳቡ እንዲወጣ ነው የምፈልገው። ላብራቶሪ የሚያውቀው እጁ ላይ ያለውን ናሙና ብቻ ነው፤ እሱንም የተጠየቀውን ያህል ብቻ።

ወሰንን በተመለከተም እንወስን። ለሜርኩሪ የ1 ፒፒኤም ወሰን በብዙ ቦታ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው፣ ስለ ሜርኩሪ የተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነትም መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የተሰበሰቡት አባል አገሮች ግን ወሰኑን አንስተው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ተስማምተዋል። በእርሳስ ላይ ግን ስምምነት የለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ 10 ፒፒኤም ይላል፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር አሴአን 20 ይላል። አንዱን እንምረጥና ከመጀመሪያው ቀን ጀምረን እንጻፈው። ውጤት ካየን በኋላ ወሰን የምንመርጥ ከሆነ ማንም አያምነንም።

የሸማቾች ተወካዩ፦
ሁሉም ጥሩ። እኔ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፦ ስም እናወጣለን ወይስ አናወጣም? ሜርኩሪ ተገኘበት ብለን ስሙን ደብቀን ለቢሮ ደብዳቤ የምንጽፍ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ሰው በየቀኑ እየተቀባ እኮ ነው። ውጤቱ በመጣበት ቀን ስሙ ይውጣ።

አነስተኛ አምራቿ፦
ወንድሜ፣ የሌላ ሰው አስመስሎ የሠራው ክሬም የእኔ ስም ተለጥፎበት ቢገኝስ? በአንድ ቀን ውስጥ አልቆልኛል። ማስተባበያውን ማን ያነበዋል?

የጥራት ደረጃዎች ባለሙያው፦
ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልገናል። እኔ የማቀርበው ይህን ነው።

ናሙናውን የሚገዛው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሱቅ የሚገባ የማኅበሩ ሰው ይሁን። አምራች ራሱ የሚልክልንን አንቀበልም፤ ምርጡን መርጦ ነው የሚልከው። ከአንድ ባች ያልተከፈቱ ሦስት እሽጎች ይገዙ። አንዱ ይመረመራል። አንዱ ለማረጋገጫ ነው። ሦስተኛው ታሽጎ ይቀመጣል፤ አምራቹ ከተከራከረ እሱ ይከፈታል። የተገዛበት ቀን፣ ባች ቁጥሩ፣ የማሸጊያው ፎቶ፣ ናሙናው በማን እጅ እንዳለፈ፣ በምን ሙቀት እንደቆየ ሁሉ ይመዘገብ። ይህ አሰልቺ ወረቀት ይመስላል። ክስ የመጣ ቀን ግን ከመሣሪያው በላይ የሚያድነን እሱ ነው።

ላብራቶሪው በአይኤስኦ 17025 ዕውቅና ያለው ይሁን። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ዕውቅና የሚሰጠው ለላብራቶሪው በጅምላ ሳይሆን ለተዘረዘሩ ምርመራዎች ነው። የመጠጥ ውሃ በመመርመር ዕውቅና ያለው ላብራቶሪ ክሬም ላይ ዕውቅና ላይኖረው ይችላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰርተፊኬት ሳይሆን ዝርዝሩን ጠይቁ። ክሬም ዘይት፣ ውሃ፣ ሰምና ዱቄት የተደባለቀበት አስቸጋሪ ነገር ነው። በውሃ ላይ የሚሠራ ዘዴ ክሬም ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ስም ማውጣትን በተመለከተ፦ ሜርኩሪ፣ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን ከተገኘ ሁለተኛው እሽግ ወዲያው ይመርመር። ከተረጋገጠ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ለሕዝብም በአንድ ቀን ይገለጽ። መግለጫው ግን «ይህ ክሬም መርዝ ነው» አይልም። «ይህ ስም የተጻፈበት፣ ይህ ባች ቁጥር ያለው፣ በዚህ ቀን የተገዛ እሽግ ውስጥ ይህን ያህል ተገኝቷል» ይላል። አምራቹ «የእኔ አይደለም፣ አስመስለው የሠሩት ነው» ካለ መልሱ አብሮ ይወጣል።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያው፦
ለኬሚካሉ እስማማለሁ። ለጀርም ግን ያ ሥርዓት አይሠራም። ሜርኩሪ በባቹ ውስጥ ሁሉ አብሮ ተበጥብጧል፤ ሁለተኛው እሽግ ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። ባክቴሪያ ግን እንዲያ አይደለም። አንዱ እሽግ ውስጥ ገብቶ ሌላው ውስጥ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ንጹሕ ሆነ ማለት የመጀመሪያውን አይሽረውም። ሱዶሞናስ አንዴ ከተገኘ ተገኝቷል። እዚያ ላይ አምራቹ እንዲያውቅ ተደርጎ ባቹን እንዲሰበስብ ይጠየቅ። ቀን ይሰጠው። ካልሰበሰበ ስሙ ይውጣ።

የሸማቾች ተወካዩ፦
እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። ቀኑ ግን አጭር ይሁን። ወር ምናምን እንዳትሉ።

የውበት ሳሎን ባለቤቷ፦
እኔ ልጠይቅ። ሁላችሁም ስለ ታሸገ ዕቃ ነው የምታወሩት። ሳሎን ውስጥ ያለው ግን የተከፈተ ነው። ትልቁ ባልዲ ተከፍቶ በትንንሽ ዕቃ ይገለበጣል። ማንኪያው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሱቆች ላይ ደግሞ መሞከሪያ ተብሎ ሁሉም ጣቱን የሚከትበት አለ። መስታወት ጀርባ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚውልም አለ። ይህንን ማን ይመረምረዋል?

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያው፦
በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የተከፈተውን ለብቻ እንያዘው፤ ከታሸገው ጋር አንቀላቅለው። ከተከፈተ ዕቃ የመጣ ውጤት ስለ አምራቹ አይናገርም። ስለ አያያዙ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ስም አይወጣበትም፤ ለሳሎኖች ሥልጠና ይውላል። እትዬ፣ ፈቃደኛ ሳሎኖችን እርስዎ ቢያሰባስቡልን? የሱቆቹን እኛ እንሞክራለን።

የውበት ሳሎን ባለቤቷ፦
ስም ካልወጣ አመጣላችኋለሁ። ስም ካወጣችሁ አንድም ሰው በሩን አይከፍትላችሁም።

ኬሚስቱ፦
ስለ ፀሐዩም ቢሆን የስታቢሊቲ ምርመራ አለ። ክሬሙን 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሦስት ወር አቆይቶ ማየት የተለመደ ነው። ይለያያል ወይ? ሽታው፣ ቀለሙ፣ ፒኤቹ፣ ውፍረቱ ይለወጣል ወይ? ማቀዝቀዝና ማቅለጥ እያፈራረቁ የሚደረግም አለ። ይህ ግን የአምራቹ ሥራ ነው። እኛ «ስታቢሊቲ አድርገሃል ወይ? ወረቀቱን አሳየን» ብለን እንጠይቅ እንጂ በእኛ ገንዘብ አንሥራው።

ፒኤችን ግን አታውጡት። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ብዙ ይናገራል። የቆዳ ገጽ ራሱ 5 አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ፊት ላይ የሚቀር ክሬም 9 ካሳየ ምን ተብሎ እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጸሐፊዋ፦
አንድ አባል በስልክ «በሰው ላይ ለምን አትሞክሩትም? ክንድ ላይ ቀብቶ ማየት ነው» አሉኝ። ዶክተር፣ ምን ይላሉ?

የቆዳ ሐኪሟ፦
ክንድ ላይ ለጥፎ ማየት፣ ማለትም ፓች ቴስት፣ የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን ይዘቱ ያልታወቀ ክሬም በሰው ላይ አይለጠፍም። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም እንዲያውም ቆዳውን ያረጋጋዋል፤ ፈተናውን በደስታ ያልፋል! ለመቆጥቆጥ ከሆነ በላብራቶሪ የበቀለ የሰው ቆዳ ሞዴል አለ፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) መመሪያ 439 ነው። ንጥረ ነገሩ ከተደረገበት በኋላ የሕዋሳቱ ሕያውነት 50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ የሚቆጠቁጥ ተብሎ ይመደባል። እንስሳ ላይ መሞከር አያስፈልግም። የአውሮፓ ሕብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በእንስሳ የተሞከረ መዋቢያ ገበያው ላይ እንዳይሸጥ አግዷል።

አለርጂ ግን ሌላ ነገር ነው። በጥቂት ሰው ላይ ሞክረው አያገኙትም፤ ከሺህ አንዱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለውን ማቆያ ታስታውሱታላችሁ። ተፈቅዶ ነበር፣ ጀርሙንም በደንብ ይገድል ነበር፣ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ምንም እንከን አልነበረውም። ከዚያ በየአገሩ የቆዳ ሐኪሞች ዘንድ ቆዳው ሽፍታ ያወጣበት ሰው በዛ። አሁን የአውሮፓ ሕብረት ቆዳ ላይ በሚቀር ክሬም ውስጥ ከልክሎታል። በሚታጠብ ምርት ውስጥም ከ15 ፒፒኤም እንዳይበልጥ አድርጓል። ያንን ያገኘው ማሽን አይደለም። ሰው ስላመለከተና ሐኪም ስለመዘገበ ነው። ስለዚህ ሐሳባችን ውስጥ የቅሬታ ፎርም ይግባ። ታካሚው ክሬሙን ከነዕቃው ይዞ ይምጣ፤ ዕቃውን ጥሎ ስሙን ብቻ ከነገረን የምንይዘው ነገር የለም።

ጸሐፊዋ፦
እሺ። የሰማሁትን አስገብቼ እንደገና ጽፌዋለሁ። ተመልከቱት።

«ማኅበሩ ለአንድ ዙር የሚሆን የምርመራ ሥራ ይሠራል። በቅድሚያ የሚመረመሩት ቆዳ እናቀላለን የሚሉ ክሬሞች ናቸው፤ ለሜርኩሪ፣ ለእርሳስ፣ ለሃይድሮኪኖንና ለስቴሮይድ። ቀጥሎ ውሃ ያለባቸው ክሬሞችና ሎሽኖች፣ በተለይ ለሕፃናትና ለዓይን አካባቢ የሚሆኑት፣ ለጀርምና ለፒኤች ይመረመራሉ። የእያንዳንዱ ወሰን ናሙና ከመገዛቱ በፊት ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጻል፤ ለእርሳስ 10 ፒፒኤም ይሆናል። ከአንድ ባች ሦስት እሽግ ይገዛል። ምርመራው የሚደረገው ለዚያው ምርመራ ዕውቅና ባለው ላብራቶሪ ነው። ኤክስአርኤፍ በኪራይ ለመጀመሪያ ልየታ ብቻ ይውላል። ማኅበሩ ምልክት አይሰጥም፤ አምራችም የማኅበሩን ውጤት ለማስታወቂያ አይጠቀምበትም። ኬሚካል በሁለተኛ እሽግ ከተረጋገጠ በዚያኑ ቀን ይገለጻል። ጀርም ከተገኘ አምራቹ ባቹን እንዲሰበስብ 10 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። የተከፈቱ ዕቃዎች ለብቻ፣ ያለ ስም ይጠናሉ። የአነስተኛ አምራቾች ቻሌንጅ ቴስት ወጪ ከፊሉ ከዚሁ ገንዘብ ይሸፈናል። የቅሬታ ፎርም በክሊኒኮችና በሳሎኖች ይቀመጣል።»

የሸማቾች ተወካዩ፦
10 የሥራ ቀን ሁለት ሳምንት ማለት ነው። ለሱዶሞናስ፣ ያውም የሕፃን ሎሽን ውስጥ ከተገኘ፣ ብዙ ነው። ለሕፃናትና ለዓይን 3 ቀን ይሁን።

አነስተኛ አምራቿ፦
በ3 ቀን ከየሱቁ መሰብሰብ አይቻልም። ሱቆቹ እንዲያቆሙ ማሳወቅ ግን ይቻላል። «በ3 ቀን ሽያጭ ይቁም፣ በ10 ቀን ይሰብሰብ» ብትሉት እኔ እፈርማለሁ።

የጥራት ደረጃዎች ባለሙያው፦
ጥሩ ነው። አንድ መስመር ደግሞ ጨምሩልኝ። ላብራቶሪውን ራሱን እንፈትነው። ከምንልካቸው ናሙናዎች መሀል ይዘቱን አስቀድመን የምናውቀው አንድ ይግባ፤ እነሱ ሳያውቁ። ያንን ከሳቱት ሌላው ውጤት ሁሉ እንደገና ይሠራል።

ኬሚስቱ፦
እሱን እኔ አዘጋጃለሁ። ንጹሕ ክሬም ላይ የታወቀ መጠን ሃይድሮኪኖን መጨመር ነው። ሃይድሮኪኖን አየርና ብርሃን ሲነካው ስለሚጠቁር ግን በተላከ ማግስት መመርመር አለበት። ይህንን ውሉ ውስጥ አስገቡት።

ጸሐፊዋ፦
ሦስቱም ገብተዋል። የቀረው በጀቱ ነው። ኬሚስቱ የላብራቶሪዎቹን ዋጋ፣ ዶክተር ፎርሙን፣ እትዬ የፈቃደኛ ሳሎኖቹን ዝርዝር እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ። የኤክስአርኤፉን ኪራይ እኔ እጠይቃለሁ። ምልክቱ መቅረቱን የሚቃወም ካለ አሁኑኑ ይናገር፤ ገንዘብ ሰጪዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነውና መልሱን ከእናንተ ጋር ተስማምቼ ነው መሄድ የምፈልገው።

አነስተኛ አምራቿ፦
እኔ አልቃወምም። እንዲያውም እስካሁን ያሳሰበኝ እሱ ነበር። የቻሌንጅ ቴስቱ «ከፊሉ» የሚለው ስንት እንደሆነ ግን ሐሙስ ይነገረን።